ያለ እንጀራ ጥጋብ አለ ወይ?

የዛሬው ንግግራችን ስለ ምግብ ነው። በተለይ ለመርካቶ ሰው ነው። ለእህል በረንዳው፣ ለሸማ ተራው፣ ለምናለሽ ተራው ነው። ሌላውም ቢያነበው አይጎዳም።

አንድ ምክር አለ። «እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታና ስኳር ቀንሱ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ጎመን ብሉ። ጥንት አባቶቻችሁ እንደበሉት ብሉ» ይላል። የሰማ ሁሉ ይስቃል። «እንጀራ ሳልበላ በላሁ ልበል እንዴ?» ይላል። እውነቱን ነው። ሥራችንን እንኳ እንጀራ ብለን ነው የምንጠራው። «እንጀራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገባሁ» ያላለ ከመካከላችሁ ስንት ሰው አለ? እንዲህ ያለውን ነገር ተው ማለት ቀላል አይደለም። እስቲ ሳንስቅም፣ ዝም ብለን ሳንቀበልም እንመርምረው።

ምግብ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ተብሎ በሦስት እንደሚከፈል ሰምታችኋል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ቆጮና ስኳር ኃይል ሰጪ ናቸው። በውስጣቸው ያለውን ነገር ሐኪሞች ካርቦሃይድሬት ይሉታል። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ከ70 ግራም በላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስኳሩም ወደ ደም ይገባል። ያን ጊዜ ከጨጓራ ጀርባ ያለችው ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ነገር ትልካለች። ኢንሱሊን እንደ በር ከፋች ነው። ስኳሩን ከደም ወደ ጡንቻ ያስገባል። ጡንቻው የሚሠራ ከሆነ ያቃጥለዋል። የማይሠራ ከሆነ ትርፉ ስብ ሆኖ ይከማቻል። ዓመታት ሲያልፉ በሩ እምቢ ማለት ይጀምራል። ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። በትልልቅ ሰዎች ላይ የሚበዛው የስኳር በሽታ እንዲህ ነው የሚመጣው። ዓይን ያጠፋል፣ ኩላሊት ያደክማል፣ የእግር ቁስል አይድንም።

አሁን ሁለት ሰው አስቡ። አንዱ ኩሊ ነው። ቀኑን ሙሉ ኩንታል ከመኪና ያወርዳል፣ ወደ መጋዘን ያስገባል። ሌላው ጋሼ ባለሱቁ ናቸው። ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ለምሳ ሁለቱም ሁለት ሁለት እንጀራ በሉ እንበል። ኩሊው እስከ ማታ አቃጥሎ ይጨርሰዋል። ጋሼስ የት ያደርጉታል? ቀበቷቸውን ማየት ነው። ምክሩ ለጋሼ እንጂ ለኩሊው አይደለም። ይህን ሳይለዩ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሚመክሩ ሰዎች ያናድዱኛል።

ደግሞ ሻዩ አለ። መቁጠር ስለ ተማራችሁ እንቁጠር። በአንድ ብርጭቆ ሻይ 3 ማንኪያ ስኳር፣ በቀን 5 ብርጭቆ፤ 15 ማንኪያ ሆነ። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ይይዛል። በቀን 60 ግራም፣ በ30 ቀን 1 ኪሎ ከ800 ግራም ማለት ነው! ለስላሳውን ገና አልቆጠርነውም። አንዱ ጠርሙስ ብቻ ሰባት ስምንት ማንኪያ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ የሚጨመር ስኳር በቀን ወደ 25 ግራም ቢወርድ ይበልጥ ይጠቅማል ብሏል። ይህ 6 ማንኪያ ያህል ነው።

«አባቶቻችንስ እንጀራ አልበሉም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ደህና ጥያቄ ነው። በልተዋል። ጤፍ በደጋው አገራችን ለሺህ ዓመታት የተዘራ እህል ነው። ጉራጌውም ክትፎውን ከአይብና ከጎመን ጋር ሲበላ ቆጮ አይለየውም፤ ቆጮ ደግሞ ኃይል ሰጪ ነው። በሌላ በኩል የቦረና፣ የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደር ኑሮው ከወተት ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ የአባቶች ምግብ አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም። አዲስ የሆነው ሌላ ነው። ፓስታን ያስለመደን ጣሊያን ነው። የዛሬው መርካቶ ራሱ ስሙን ያገኘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ሩዝም ዛሬ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆኗል። አባቶቻችን እንጀራቸውን የበሉት አርሰው፣ አጭደው፣ በእግራቸው ገበያ ሄደው ነው። በርጩማው ነው አዲስ ነገር! ጥንታዊ የሆነ ሁሉ መልካም ነው እንዳትሉም፤ ጥሬ ሥጋ በልተው ኮሶ ይጠጡ የነበሩት እነሱው ናቸው።

ምክሩ የትናንት ፈጠራም አይደለም። ለንደን ውስጥ ዊልያም ባንቲንግ የሚባል ቀብር አስፈጻሚ ነበር። በጣም ወፍሮ ይቸገር ነበር። ሐኪሙ ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች አስተወው። ሰውዬው ከሳ። በ1863 እ.ኤ.አ. ታሪኩን በትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ለሕዝብ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ተደርጓል። ካርቦሃይድሬት የቀነሱ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ክብደታቸው ይቀንሳል፣ የደም ስኳራቸውም ይወርዳል። ዓመት ሲሞላ ግን በሌላ መንገድ ምግባቸውን ከቀነሱት ጋር ልዩነቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ ተአምር አይደለም፤ ውሸትም አይደለም።

«ሥጋና ቅቤ በምን ገንዘብ?» የሚል ሰው አይወቀስም። ግን ነገሩ የሚጀመረው ከመግዛት ሳይሆን ከመተው ነው። ስኳር መቀነስ ወጪ የለውም። ሁለት እንጀራ የለመደ አንድ ያድርግ፤ በፋንታው ጎመኑን፣ ምስሩንና ሽሮውን ያብዛ። ሽሮም ካርቦሃይድሬት አለው፤ ግን ገንቢም ስለሆነ ቶሎ አያስርብም። ቢገኝ እንቁላልና አይብ ይጨመር። ቅቤውን ግን በልክ፤ ሲበዛ ለልብ አይበጅም። በጾም ወቅት የራጉኤል ደብር ሰው ተልባ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥና አቮካዶ አለለት። በረመዳን የአንዋር መስጊድ ሰው በሳምቡሳና በጣፋጭ ብቻ ባያፈጥር፣ ከሾርባው ቢጀምር ይሻለዋል።

አሁን ቀጥሎ ያለውን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም የስኳር ኪኒን የሚውጡ ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ እንጀራ በድንገት መቀነስ የለባቸውም። መድኃኒቱ በነበረበት ሆኖ ምግቡ ሲያንስ የደም ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ኢንሱሊኑንም በራስ ፈቃድ መተው እንደዚሁ ይገድላል። ነፍሰ ጡርና የኩላሊት በሽተኛም አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ። መድኃኒት የሚወስድ ጎረቤታችሁ ድንገት ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ያን ጊዜ ስኳር አይከለከልም። ሦስት አራት ማንኪያ በውኃ በጥብጣችሁ ቶሎ አጠጡት። ራሱን ከሳተ ግን ምንም ነገር በአፉ አታድርጉ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ውሰዱት።