የመኖሪያ ቤት ጥያቄና የስምጥ ሸለቆው ሠራተኛ

ከአዳማ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዋሽ ወንዝ ዳር የምትገኘው ሶደሬ፣ ከምድር ሆድ በሚፈልቀው ፍል ውኃዋ ለዕረፍት የሚወርደውን ሁሉ ትቀበላለች። የወንጂ የሸንኮራ ሠራተኛ፣ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ባልደረባ፣ የአዳማ መምህርና ነጋዴ በአንድ ገንዳ ዙሪያ ሲገናኙ፣ ጨዋታቸው ብዙ ሳይርቅ ወደ ቤት ጉዳይ ያመራል። በዚህ ባልረጋ ዘመን በኪራይ መቆየት ይሻላል ወይስ ያለ የሌለ ጥሪትን አሟጦ መግዛት? ነገሩ ሲታይ የግለሰብ የሂሳብ ስሌት ይመስላል። እኛ ግን በመሠረቱ ማኅበራዊ ጥያቄ ነው እንላለን፤ ቤት ገዥው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገዛው ግድግዳና ቆርቆሮ ሳይሆን «ውጣ» አለመባልን ነውና።

ክርክሩ የቆየ ነው። ፍሬድሪክ ኤንግልስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 ስለ መኖሪያ ቤት ጥያቄ በተከታታይ በጻፋቸው ጽሑፎች፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የቤቱ ባለንብረት ቢሆን ችግሩ ይወገዳል ከሚሉት የፕሩዶን ተከታዮች ጋር ተሟግቷል። ለከተማ ሠራተኛ ዋናው ነገር ሥራ ወዳለበት የመንቀሳቀስ ነፃነት መሆኑን፣ የቤት ባለቤትነትም አንድ ስፍራ ላይ ሊያስረው እንደሚችል አመልክቷል። አሠሪው ራሱ አከራይ የሚሆንበትንም ሥርዓት አጥብቆ ነቅፏል፤ ሥራውን የተነጠቀ ሠራተኛ ጣሪያውንም አብሮ ይነጠቃልና።

ለዚህ ወንጂ ቅርብ ምሳሌ ናት። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር ለሠራተኛው የካምፕ መንደሮችን አቋቋመ። በዚያ ሠፈር መኖሪያው ከሥራው ጋር የተቆራኘ በመሆኑ፣ የካምፑ ነዋሪ ባለቤትም ሙሉ ተከራይም ሳይባል ኖረ። ወደ አዳማ ስንመለስ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። የኦሮሚያ ክልል መንግሥት መቀመጫ በ1992 ዓ.ም. ወደ አዳማ ተዛወረ፤ በ1997 ዓ.ም. ወደ ፊንፊኔ ተመለሰ። መሥሪያ ቤቱን ተከትሎ የመጣ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት ጥሪቱን በአዳማ ቤት ላይ አፍስሶ ቢሆን ኖሮ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሥራው በአንድ ከተማ፣ ቤቱ በሌላ ከተማ ይሆንበት ነበረ።

በአገራችን የተከራይን ዋስትና በተመለከተ ከሁሉ የጎላው እርምጃ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ከ300 ብር በታች ይከፈል የነበረው ኪራይም ቀነሰ፤ ቅናሹ ይበልጥ የጠቀመው ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ነበረ። ጭቁኑ ተከራይ በባለቤቱ ፊት ማቀርቀሩ በአንድ ጀምበር ቀረለት። ይህን የሚያጣጥል ሁሉ በኪራይ ቤት ኖሮ አያውቅም ማለት ነው።

ነገር ግን ተጨባጩን ሁኔታ በግማሽ ብቻ ማየት ተገቢ አይሆንም። ለዓመታት ሳይጨመር የቆየው ኪራይ ለጥገና አልበቃም፤ ጣሪያው ሲያፈስ ቀበሌው ገንዘብ የለውም፣ ተከራዩም ቤቱ የእኔ አይደለም ይላል። የግል ማከራየት በመከልከሉ ለኪራይ የሚሠራ አዲስ ቤት ተቋረጠ፤ ጎጆ የሚወጣው ወጣት በደባልነት ተጠጋ፣ ወይም በስውር ተከራየ። የቀበሌ ቤት ነዋሪው ዋስትና አገኘ፤ ቤቱ ግን በላዩ ላይ አረጀበት። የመልሶ ማልማቱ ዘመን ሲመጣ ደግሞ ያ ዋስትና ራሱ ከአሮጌው ጣሪያ ጋር በብዙ ሠፈሮች ፈረሰ። ከዚህ የምንረዳው፣ ለተከራይ ዋስትና መስጠትና ቤት ማብዛት አንዱ ያለ ሌላው የማይቆም መሆኑን ነው። የቪየና ከተማ ከ1919 እስከ 1934 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ60,000 በላይ መኖሪያዎችን ራሷ ሠርታ ያከራየችው ሁለቱን በማጣመር ነበረ፤ እዚያ የቤት ባለቤት አለመሆን እስከ ዛሬ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በእኛ ዘንድ ግን ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ሳይቀር «ልጁ ቤት አለው?» ተብሎ ይጠየቃል።

እርግጥ ነው፣ ዛሬ ለመግዛት የሚቻኮለውን ሠራተኛ በንዑስ ከበርቴ ምኞት ብቻ መወንጀል ግፍ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዕቁብና በደመወዝ ቁጠባ ለብሎኬትና ለብረት የተጠራቀመ ብር ባለበት ተቀምጦ ሟሸሸ። ሰው ከገንዘቡ ወደ መሬት የሚሸሸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ደላላውም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ይሁንና ወደየትኛው መሬት? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል፤ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅም ለመኖሪያ ቦታ እስከ 99 ዓመት ይፈቅዳል። እንግዲህ «ባለቤት» የምንለውም ሰው በመሬቱ ረገድ የረጅም ጊዜ ተከራይ ነው! ካርታ የሌለውን የገበሬ መሬት በመንደር ውል ገዝቶ ጨረቃ ቤት የሚያቆም ደግሞ ከተከራይም ያነሰ ዋስትና አለው። ቤቱ በግብረ ኃይል ሲፈርስ ያ ውል የትም አያደርሰውም። ካርታውንና የሻጩን ማንነት በማዘጋጃ ቤት ሳያጣራ ቀብድ የሚከፍል ሠራተኛ፣ ዓመታት ያጠራቀመውን በአንድ ቀን ለዕጣ ይሰጣል።

ምድሩም የራሱ ቃል አለው። የሶደሬን ውኃ የሚያሞቀው የስምጥ ሸለቆ፣ በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ወንዝ ታች በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ በአፋርና በኦሮሚያ አሥር ሺህዎችን አፈናቅሏል፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ተከራይ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል፤ ጥሪቱን በአንድ ቤት ግድግዳ ውስጥ የቀበረ ግን ቤቱን ተሸክሞ አይሄድም። በዚህ ሸለቆ ዐምድና ብረት ማጠንከር እንደ ቅንጦት የሚቆጠር አይደለም።

በእኛ ግምት፣ ሥራው በቦታው የጸና፣ ካርታው ንጹሕ የሆነለት ቤተሰብ ይግዛ፤ ብቻውን ካልቻለም በቤት ሥራ ማኅበር ይደራጅ። ሌላው ግን አያፍርም፣ ይከራይ፤ ነገር ግን በቃል አይከራይ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የኪራይ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባስታወቀው መጠን ብቻ ነው። በእጁ የተመዘገበ ውል የያዘ ተከራይ ገዥው የሚያሳድደውን ዋስትና ከፊሉን ያለ ዕዳ ያገኛል። አከራዩ «እንመዘገብ ካልክ ቤቱን ልቀቅ» ሲል ግን ሠራተኛው ብቻውን ሊከራከር አይችልም። በዚያች ሰዓት የሠራተኛ ማኅበሩና የከተማው አስተዳደር ከማን ጎን እንደሚቆሙ ነው በአዳማም ሆነ በወንጂ ሊጠየቅ የሚገባው።