አውሬን በአውራ ጣት መለካት

ፊደል ከመቁጠራችን በፊት ፊርማችን አውራ ጣታችን ነበር። ጣታችንን ቀለም እናስነካና ወረቀቱ ላይ እናሳርፋለን። ዛሬ ስማችንን በብዕር እንጽፋለን። አውራ ጣታችን ከዚያ ሥራ ዐርፏል። ታዲያ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ሌላ ሥራ እንስጠው። ይኸውም ከዱር አውሬ ምን ያህል መራቅ እንዳለብን መለካት ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። አውሬ ስታዩ ቁሙ። አንድ ክንዳችሁን ወደ ፊት ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ። አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ አቁሙ። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና አውሬውን በጣታችሁ ሸፍኑት። አውሬው ከጣታችሁ ኋላ ጨርሶ ከተሰወረ ርቀታችሁ ደህና ነው። ራሱ ወይም ጭራው በጎን ብቅ ካለ ግን ቀርባችሁታል። ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉ። በአሜሪካ የፓርክ ጠባቂዎች ይህን ዘዴ ለጎብኚ ያስተምሩታል። ሜትር አይፈልግም፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ለመሆኑ መራቅ ለምን አስፈለገ? አውሬ ሰውን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ፈርቶ ነው፤ ወይም መንገዱ ተዘግቶበት ነው፤ ወይም ልጁን ሊጠብቅ ነው። ከራቅነው ከሦስቱ አንዱም አይደርስበትም።

በአርባ ምንጭ አጠገብ የሚገኘውን የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ እንመልከት። ፓርኩ ያለው በዓባያና በጫሞ ሐይቆች አካባቢ ነው። በጫሞ ሐይቅ ጉማሬና አዞ ይኖራሉ። ጉማሬ ሣር በል ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ነገር ግን የትልቅ ጉማሬ ክብደት ከ10 ኩንታል በላይ ነው። ደግሞም ሲሮጥ ሰው አያመልጠውም። ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ ሊነጋ ሲል ወደ ውኃው ይመለሳል። እኛስ ውኃ ልንቀዳ የምንወርደው መቼ ነው? ሊነጋ ሲል አይደለም? አደጋው እዚህ ላይ ነው። በጉማሬና በውኃው መካከል የቆመ ሰው ማለት የጉማሬውን ቤት በር የዘጋ ሰው ማለት ነው። ጉማሬ አፉን በሰፊው ሲከፍት እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል። አይደለም፤ «ራቁ!» ማለቱ ነው።

አዞን ግን በአውራ ጣት መለካት አይቻልም። ለምን ቢሉ፣ ውኃ ውስጥ ሲያደፍጥ አይታይም። ስለዚህ ከአዞ መራቅ ማለት ከውኃው ዳር መራቅ ማለት ነው። የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውኃ ካለ እሱን እንቅዳ። ከሌለም ውኃው ውስጥ አንግባ፤ ዳሩ ላይም አናጎንብስ። ዕቃውን ረጅም እንጨት ላይ አስረን ከራቅ ብለን እንቅዳ። ሁልጊዜም በአንድ ቦታ አንቅዳ፤ አዞ ሰው የሚመላለስበትን ቦታ ያውቃል። ልጆችን ብቻቸውን አንላክ።

ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ስንሄድ ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮን እናገኛለን። ጭላዳ ሣር እየነጨ ይውላል። ሰው ሲያይም ብዙ አይሸሽም። «ታዲያ ቁራሽ ዳቦ ብንወረውርለት ምን ክፋት አለው?» ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! ከሰው እጅ መብላት የለመደ አውሬ ነገ ከእጃችን ይነጥቃል። ያኔ ሰው ድንጋይና ዱላ ያነሳበታል። በደግነት የተጀመረው ነገር በጠብ ያልቃል። መራቅ የሚጠቅመው ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለአውሬውም ነው።

በባሌ ተራሮች ፓርክ ደግሞ መራቅ ያለበት ውሻችንም ነው። እዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ በየትም አገር አይገኝም። ዛሬ የቀሩት ትልልቆቹ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በባሌ ብዙ ቀበሮዎችን ገደለ። በሽታው የሚመጣው ከመንደር ውሾች ነው። እንግዲህ ውሻችንን እናስከትብ፤ ወደ ፓርኩም አናስከትለው። ይህ በሽታ ሰውንም ይገድላል። ሰው አይቶ የማይሸሽ አውሬ ታሞ ሊሆን ይችላልና አትንኩት። ውሻ ወይም አውሬ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ። ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ድንገት ከአውሬ ጋር ብንገናኝስ? አንጩህ፤ ድንጋይ አንወርውር። ግጦሹን ትቶ፣ ቀና ብሎ ካየን ቀርበነዋል ማለት ነው። መሄጃውን ክፍት ትተን፣ ፊታችንን ወደ እሱ አድርገን፣ ቀስ እያልን ወደ ኋላ እንሽሽ። ልጅ ካላት እናትና ከአንበሳ ደግሞ አውራ ጣታችን ከሚለካውም አብልጠን እንራቅ።

ይህን ጽሑፍ ከብት ለሚጠብቁ ልጆች አንብቡላቸው። ከዚያም ወደ ሜዳ አውጥታችሁ በበሬ አለማምዷቸው። በሬው ከአውራ ጣታቸው ኋላ እስኪሰወር ድረስ ወደ ኋላ ይሂዱ። ከዚያ ላይ ሲደርሱ እንዲህ በሏቸው፦ «ጉማሬ ከበሬ ይበልጣል፤ ከእሱ ደግሞ ከዚህም ርቃችሁ ቁሙ።»