የሌሊት ወፎች በአሪቻ የቡና ጥላ ውስጥ፦ ጥቅምና ስጋትን በዝርያ መለየት

አሪቻ በጌዴኦ ዞን በይርጋ ጨፌ አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የቡና አገር ናት። በዚያ ማሳን ከደን የሚለይ ድንበር የለም፤ ቡናውና እንሰቱ ከታች፣ ብርብራው፣ ዋንዛውና ሾላው ከላይ ሆነው በአንድ መሬት ላይ ይኖራሉ። ይህ የአስተራረስ ሥርዓት «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር» በሚል ስም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስለ ዛፎቹ፣ ስለ ቡናውና ስለ ባህላዊ አስተዳደሩ ብዙ ተብሏል። ከመሸ በኋላ በእነዚያው ዛፎች መካከል ስለሚንቀሳቀሱት እንስሳት የሚነገረው ግን ጥቂት ነው።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጌዴኦ በሚገኝበት በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጂንካ ከተማ፣ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱ ከተረጋገጠ ወዲህ የሌሊት ወፍ ጉዳይ የሥነ ምህዳር ጥያቄ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የገጠር የሕዝብ ጥግግቱ በአገሪቱ እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ በሆነው በዚህ ዞን ሰውና የሌሊት ወፍ የሚጋሩት አንድ ዛፍ ነው። እንግዲህ ገበሬው በማሳው ላይ የሚያያትን የሌሊት ወፍ ይጠብቃት ወይስ ያባርራት? የጥያቄው ችግር ሁሉንም ዝርያዎች በአንድ ስም መጠቅለሉ ነው።

ስሙ ራሱም ያሳስታል። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 የሌሊት ወፍን ከማይበሉ ወፎች ተርታ ይቆጥራታል፤ አማርኛውም ወፍ ይላታል። እንስሳዋ ግን ጸጉር ያላት፣ ወልዳ የምታጠባ፣ ክንፏም በረዘሙ የእጅ ጣቶች መካከል የተወጠረ ስስ ቆዳ የሆነ አጥቢ ናት። በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ይህም ከአጥቢ እንስሳት ዝርያዎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ነው። በኢትዮጵያ ከ70 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ከእነዚህ አንዷ የሆነችው ባለ ረጅም ጆሮዋ የባሌ የሌሊት ወፍ ለሳይንስ የተገለጠችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

በአገራችን ያሉት ዝርያዎች በአመጋገባቸው በአብዛኛው ነፍሳት በል ወይም ፍሬ በል ናቸው። ነፍሳት በሎቹ በጨለማ የሚያድኑት በገደል ማሚቶ ነው፤ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ያወጣሉ፣ ድምፁም ከእሳት እራቷ ወይም ከጢንዚዛው ነጥሮ ሲመለስ ርቀቱንና አቅጣጫውን ያውቃሉ። ጣሊያናዊው ላዛሮ ስፓላንዛኒ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዐይናቸው የጠፋ የሌሊት ወፎች ያለ እንቅፋት እንደሚበሩ አሳይቶ ነበር፤ ምሥጢሩ የተፈታው ግን ዶናልድ ግሪፈንና ሮበርት ጋላምቦስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በሃርቫርድ ድምፁን በመሣሪያ ሲይዙት ነው። ድምፁ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ ዛሬ ተመራማሪ እንስሳቱን ሳይነካ በድምፅ መቅጃ ሊቆጥራቸው ይችላል። አብዛኞቹ ፍሬ በሎች ግን በማሚቶ አይጠቀሙም፤ የግብፅ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ በምላሷ የምታሰማው ጠቅታ ከጥቂቶቹ ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ነው። በመቅጃ ብቻ የተመሠረተ ቆጠራ ስለዚህ ግማሹን ታሪክ ያጣል።

ለቡና ያላቸውን ጥቅም በሚገባ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2008 በሜክሲኮ ቺያፓስ በጥላ ቡና ላይ የወጣው ጥናት ነው። ቀደም ሲል ተመራማሪዎች የቡና ተክሎችን ሌት ተቀን በመረብ ይሸፍኑና ነፍሳት ሲበዙ ምስጋናውን በሙሉ ለወፎች ይሰጡ ነበር። በቺያፓስ ግን አንዳንዱ ተክል ቀን ብቻ፣ አንዳንዱ ሌሊት ብቻ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተሸፈነ። በዝናብ ወቅት የሌሊት ወፎች በተከለከሉባቸው ተክሎች ላይ የነፍሳትና የመሰሎቻቸው ብዛት በ84 በመቶ ጨመረ። ወደ እኛ በቀረበው በኪሊማንጃሮ ተራራ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ወፎችና የሌሊት ወፎች መኖራቸው የቡናውን ፍሬ መያዝ በ9 በመቶ እንደሚያሻሽል አመልክቷል፤ ሁለቱን ግን አልለየም። መጋነንም አያስፈልግም። የቡና ፍሬን የምትበሳው ጥቃቅን ጢንዚዛ በአብዛኛው የምትበረው በቀን ስለሆነ እርሷን ለመቆጣጠር ከሌሊት ወፍ ብዙ መጠበቅ አይገባም።

እንሰቱም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የምትገኝ፣ ጥቂት ግራም ብቻ የምትመዝን አንዲት ዝርያ ቀኑን የምታሳልፈው ገና ባልተዘረጋ የሙዝ ቅጠል ጥቅል ውስጥ ነው፤ ለስላሳው ቅጠል እንዳያንሸራትታት በአውራ ጣቷ ሥር ወፍራም ሥጋ አላት። ቅጠሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚዘረጋ ዘወትር አዲስ ቤት መፈለግ አለባት። እንሰት የሙዝ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ቅጠሉም ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ዕድሜያቸው የተለያየ ተክሎች ጎን ለጎን የቆሙበት የጌዴኦ ጓሮም አዲስ ጥቅል አያጣም። ጫት ወይም ባሕር ዛፍ እንሰቱን ሲተካ የሚጠፋው እንግዲህ ምግብ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ፍሬ በሎቹ ደግሞ ዛፍ ይዘራሉ። የሾላ ፍሬ ከበሉ በኋላ ደቃቃውን ዘር እየበረሩ ስለሚጥሉት፣ ከእናት ዛፉ ርቆ፣ ዛፍ በሌለበት ገላጣ ቦታ ጭምር ይወድቃል። ገበሬው ሳይተክለው በማሳው በቅሎ ያገኘው የጥላ ዛፍ እንዲህ ዓይነት ዘሪ ሊኖረው ይችላል።

ስጋቱም ያለው ከእነዚሁ ፍሬ በሎች መካከል ነው። የማርበርግ ቫይረስ የተፈጥሮ ተሸካሚ መሆኗ የተረጋገጠው በዋሻና በማዕድን ጉድጓድ በብዛት ተሰብስባ የምትውለው የግብፅ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ናት፤ ይህች ዝርያ በኢትዮጵያም አለች። በምዕራብ ኡጋንዳ በኪታካ ማዕድን ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ2007 ሠራተኞች በማርበርግ ከተያዙ በኋላ በውስጡ የነበሩት የሌሊት ወፎች ተጨፈጨፉ። በ2012 ወደ ጉድጓዱ የተመለሱት ከቀድሞው እጅግ ያነሱ ነበሩ፤ በቫይረሱ የተያዙት ድርሻ ግን ከ5 በመቶ ገደማ ወደ 13 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። በዚያው ዓመት ከጉድጓዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኢባንዳ ወረርሽኝ ተነሣ። ስለዚህ የጤና ባለሙያ ለአሪቻ ነዋሪ የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው፦ የሌሊት ወፎች ወደሚሰፍሩበት ዋሻ አለመግባት፣ የነከሱትን ፍሬ አለመብላት፣ የሞተችውን በባዶ እጅ አለመንካት። እንሰት ውስጥ የምትውለዋን ማሳደድ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ማሳደዱ የሚያስከትለው ጉዳት ደግሞ በፍጥነት አይጠገንም። በዚያ መጠን ያሉ አጥቢዎች፣ እንደ አይጥ ያሉት፣ በዓመት ብዙ ጊዜ ብዙ ግልገል ሲወልዱ፣ አብዛኞቹ የሌሊት ወፎች በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይወልዳሉ፤ ይህን የሚያካክሱት በረጅም ዕድሜ ነው። በሳይቤሪያ ምልክት የተደረገባት አንዲት ሰባት ግራም የማትሞላ የሌሊት ወፍ 41 ዓመት ኖራ ተገኝታለች።

የቺያፓሱን ሙከራ በአሪቻ መድገም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ነባሩን ጥላ የጠበቀና ወደ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ያዘነበለ ማሳ ጎን ለጎን ይመረጣል፤ መረቡ ሲመሽ ይዘረጋል፣ ሳይነጋ ይነሣል። በዝናብና በደረቅ ወቅት ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል፤ በቺያፓስ የሌሊት ወፎች ድርሻ ከወፎች በልጦ የታየው በዝናቡ ወቅት ነበርና።