«ወረቀት ካለው ይለቀቃል»፦ ስለ አእምሮ ሕመምና ግድያ የምናምነውና ሕጉ የሚለው

ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ የግድያ ወሬ ሲሰማ ፍርዱ ከፖሊስ ይቀድማል። አንዱ «ጤነኛ ሰው እንዲህ አያደርግም፣ አብዷል» ይላል። ሌላው «ከአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ወረቀት አምጥቶ ሊያመልጥ ነው» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ጭካኔ ብቻውን የሕመም ምልክት አይደለም። ቂም፣ ቅናትና የውርስ ጠብ ጤነኛውንም ነፍሰ ገዳይ ያደርጉታል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 539 እንዲያውም ልዩ ጭካኔ የታየበትን ግድያ በዕድሜ ልክ እስራት ወይም በሞት ይቀጣል።

ሕመም አለበት ማለትም ከተጠያቂነት ነፃ ነው ማለት አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕግ በአንቀጽ 48 የሚጠይቀው ድርጊቱ ስለተፈጸመባት ሰዓት ነው፦ ሰውየው ያኔ የሚያደርገውን ነገር ምንነትና ውጤት መረዳት ይችል ነበር? ቢረዳስ ራሱን መግታት ይችል ነበር? እስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ሕመሙ ጋብ ብሎለት ሳለ በመሬት ጠብ ወንድሙን ቢገድል እንደማንኛውም ተከሳሽ ሊፈረድበት ይችላል። ያው ሰው ሕመሙ አገርሽቶበት፣ እናቱ ልትመርዘው የተላከች ጠላት መስላ ታይታው ቢገድላት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ላለው፣ ማለትም ችሎታው ለተዳከመ እንጂ ላልጠፋ ሰው፣ አንቀጽ 49 ቅጣቱን ያቀልለታል።

ወረቀቱም ቢሆን ፍርድ አይደለም። ጥርጣሬ ሲነሣ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 51 መሠረት የባለሙያ ምርመራ ያዛል። ሐኪሙ ሕመሙንና ያስከተለውን ጉዳት ይናገራል፤ ተከሳሹ ተጠያቂ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስኑት ግን ዳኞቹ ናቸው።

ምርመራው ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ሮም ሲበር ተጠልፎ ጄኔቭ ያረፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ያሳያል። ግድያ አልነበረም፤ የተነሣው ጥያቄ ግን ያው ነው። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ዋና አብራሪው ለአፍታ ሲወጣ ረዳቱ በሩን ቆልፎ አውሮፕላኑን ጠለፈ። በመጋቢት 2007 የአዲስ አበባው ችሎት በሌለበት 19 ዓመት ከ6 ወር ፈረደበት። ወራት ቆይቶ የስዊዘርላንድ ፌዴራል ወንጀል ችሎት በአእምሮ ሕመሙ ምክንያት ተጠያቂ እንዳልሆነ ወስኖ እንዲታከም አዘዘ። በሌለበት የሚፈረድበት ሰው አእምሮው እንዴት ይመረመራል? ይህ ሊያስጨንቀን ይገባል።

«ይለቀቃል» የሚለውን ደግሞ የሟች ቤተሰብ ሲናገረው ሐዘኑ ይገባኛል። ሕጉ ግን ለሕዝብ አደገኛ የሆነውን ሰው በአንቀጽ 130 ተስማሚ ተቋም ውስጥ እንዲቆይ ያዛል። ቆይታው ገደብ የለውም፤ በየሁለት ዓመቱ እየታየ ምክንያቱ እስኪወገድ ይቀጥላል። በ1843 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጸሐፊ የገደለው ዳንኤል ማክናተን በሕመሙ ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ተባለ፤ በ1865 እስኪሞት ድረስ ግን ከአእምሮ ሕሙማን ተቋም አልወጣም።

መጠጥም መሸሸጊያ አይሆንም። ለወንጀሉ ድፍረት እንዲሆነው አስቦ የሰከረ ሰው በስካሩ አይድንም።

ከሁሉም የከፋው እምነት የአእምሮ ሕመምተኛን ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አድርጎ ማየት ነው። ይልቁንም ተጎጂዎቹ እነርሱ መሆናቸው ይታያል፤ ቡታጅራ ላይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት ከሌላው ሕዝብ በሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ብዙዎቹን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው፤ በሰው እጅ የተገደሉም አሉ።

የአእምሮ ሕመምተኛ ላለበት የላምበረት ቤተሰብ፣ ለሕክምና የካ ኮተቤ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። የታመመውን ሰው ወደ ጠበል የሚወስዱትም ቢሆኑ መድኃኒቱን አያስቋርጡት፤ የሕክምና ካርዱንም በጥንቃቄ ይያዙለት። አንድ ቀን ክስ ቢመጣ ሕመሙ ከድርጊቱ በፊት የነበረ መሆኑን ለዳኛው የሚያሳየው ያ ካርድ ነው።