ኔትወርክ ሲጠፋ ማን ያወራል? ድንኳን ተክለው ከዓለም ጋር የሚያወሩት ሰዎች

ስልካችሁ ላይ «ኖ ሰርቪስ» የሚል ጽሑፍ መጥቶባችሁ ያውቃል? መቼስ እኛ ሀገር ይሄን የማያውቅ የለም። ዛሬ የምንነግራችሁ፣ ይሄ ቀን ሲመጣ ምን እናደርጋለን ብለው በዓመት አንዴ ሜዳ ወጥተው ስለሚለማመዱ ሰዎች ነው።

ነገሩ «ፊልድ ዴይ» ይባላል። አሜሪካና ካናዳ ያሉ የአማተር ሬዲዮ ክለቦች በጁን ወር አራተኛው ሙሉ ቅዳሜና እሁድ (በእኛ ሰኔ አጋማሽ ላይ) መናፈሻ ወይም ተራራ ላይ ድንኳን ይተክላሉ። ጄኔሬተር፣ ባትሪ፣ ሶላርና ጥቅል ሽቦ ይዘው ይወጣሉ። ሽቦዋን ዛፍ ላይ ሰቀሏት ማለት አንቴና ሆነች ማለት ነው። የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር ይሄን ማዘጋጀት የጀመረው በ1933 ነው፤ የፈረንጆቹን ዘመን ነው የምንለው።

ሥራው ቀላል ይመስላል፦ እስከ እሁድ ከሰዓት ድረስ የቻላችሁትን ያህል ጣቢያ ማግኘት። ለምሳሌ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ክለብ «ሦስት አልፋ፣ ሜሪላንድ ዲሲ» ይላል። ሜዳ ላይ ነን፣ በሦስት ማሰራጫ እየሠራን ነው፣ ያለነው እዚህ ነው ማለቱ ነው። ወዲያ ማዶ ያለውም የራሱን ይናገራል፣ ይመዘገባል፣ ቀጣይ! በድምፅ ያገኙት ጣቢያ 1 ነጥብ፣ በሞርስ ወይም በዲጂታል ያገኙት 2 ነጥብ ያስቆጥራል።

እኛን የገረመን ግን የኃይሉ ሕግ ነው። ብዙ ጉልበት ያለው አይደለም የሚሸለመው፤ ተቃራኒው ነው። ከ5 ዋት ባልበለጠ ኃይል፣ ያለ ጄኔሬተርና ያለ መብራት ኃይል የሠራ ክለብ ነጥቡ በ5 ይባዛለታል። 5 ዋት ማለት የአንዲት ትንሽ ኤልኢዲ አምፖል ያህል ነው። በዚያች ኃይል፣ ዕድል ከቀናቸው፣ ውቅያኖስ ተሻግረው ያወራሉ። (የተመረጠ ባለሥልጣን መጥቶ ከጎበኛቸውም 100 ነጥብ ጉርሻ አለ። ባለሥልጣን ነጥብ ሲያስገኝ ያየነው እዚህ ብቻ ነው።)

እንዴት ይቻላል ካላችሁ፦ ስልካችሁ በቀጥታ ከጓደኛችሁ ስልክ ጋር አይገናኝም። መጀመሪያ ቅርብ ያለ ታወር ያገኛል፣ ከዚያ በፋይበርና በሌሎች መሣሪያዎች አልፎ ይሄዳል። መሀል ላይ አንዱ ከተበጠሰ አበቃ። አጭር ሞገድ ሬዲዮ ግን ድምፁን ወደ ሰማይ ይልከዋል፤ አዮኖስፌር የሚባለው ኤሌክትሪክ ያዘለ የአየር ክፍል ያጥፈውና በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ መሬት ይመልሰዋል። መሀል ላይ የሚበጠስ ነገር የለም። ጉዳቱ፣ ሰማዩ እንደ ፀሐይዋ ሁኔታና እንደ ሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ቀን የሠራው ሞገድ ማታ ዝም ሊል ይችላል። ልምምድ የሚያስፈልገውም አንዱ ለዚህ ነው።

ደግሞ የጨዋታ ብቻ አይደለም። በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ 95 በመቶ ገደማ የሚሆነው የሞባይል ታወር ከሥራ ውጪ ሆነ። ቀይ መስቀል 50 የሬዲዮ አማተሮችን ጠየቀ፣ 22 ሄዱ። ዋናው ሥራቸው «እኔ ደህና ነኝ» የሚለውን መልእክት ከደሴቲቱ አውጥቶ ለቤተሰብ ማድረስ ነበር። ዘመድ ያለበት አካባቢ ስልክ ተዘግቶበት ቀናት የጠበቀ ሰው ይሄ መልእክት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም።

እኛስ ጋር? አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ የክለብ ጣቢያ አለ። መጠሪያው «ኢቲ 3 ኤኤ» ነው፤ «ኢቲ» ኢትዮጵያ ማለት ነው። ውጭ ያሉ አማተሮች ከኢትዮጵያ ድምፅ ሲሰሙ ይሻማሉ፣ ምክንያቱም ብዙ አይገኝም። ማሰራጨት ግን ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ማንም እንዳያሳስታችሁ።

መስማት ደግሞ በስልካችሁም ይቻላል። ኔዘርላንድስ ያለው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ተቀባይ ሬዲዮውን በኢንተርኔት ክፍት አድርጎታል። ብራውዘር ላይ «ዌብ ኤስዲአር ትዌንቴ» ብላችሁ ፈልጉት። «ዩኤስቢ» የሚለውን ምረጡ (የፍላሹ ዩኤስቢ አይደለም፣ የድምፅ አላላክ ዓይነት ነው)፣ ከዚያ ከ14,150 እስከ 14,350 ኪሎኸርትዝ ያለውን ቀስ እያላችሁ ፈትሹ። መጀመሪያ ሹሹሹ ብቻ ነው። ትንሽ ታገሡ። ፊልድ ዴይ የሚጀምረው በአዲስ አበባ ሰዓት ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ «ሲኪው ፊልድ ዴይ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ የሆነ ቦታ ድንኳን ውስጥ ያለ ሰው ነው።