የሕፃናት ፓውደር፦ ለቆዳ የታሰበው ሳንባን እንዳይጎዳ

ሕፃናትን ካጠቡ በኋላ በአንገታቸው፣ በብብታቸውና በጭናቸው መጋጠሚያ ላይ ፓውደር መነስነስ በብዙ ቤቶች የተለመደ ነው። እናቶች ይህን የሚያደርጉት ልጃቸው ንጹሕና ደረቅ ሆኖ እንዲውል በማሰብ ነው። ይሁን እንጂ የሕፃናት ሐኪሞች ይህ ልማድ እንዲቀር ይመክራሉ።

ፓውደር ለረጅም ዘመን ሲዘጋጅ የኖረው ታልክ ከሚባል ማዕድን ነው። ታልክ ከመሬት የሚቆፈር ለስላሳ ድንጋይ ሲሆን፣ ተፈጭቶ ሲልም እርጥበትን ይመጥጣል፤ የቆዳንም መፋተግ ይቀንሳል። ዋናው ጉዳት የሚመጣው ግን በቆዳ ሳይሆን በትንፋሽ በኩል ነው። ብናኙ እጅግ የላመ በመሆኑ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ሕፃኑ ሲተነፍስም ወደ ሳንባው ይገባል። የሕፃን የአየር ቧንቧ ጠባብ ነውና ብናኙ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያስከትላል። ልጁ እንዲጫወትበት የተሰጠው የፓውደር ዕቃ ተከፍቶ ፊቱ ላይ በመፍሰሱ ለሞት የተዳረጉ ሕፃናት አሉ።

ሁለተኛው ሥጋት አስቤስቶስ የተባለው ካንሰር አምጪ ማዕድን ነው። በመሬት ውስጥ ከታልክ ጎን ለጎን ሊገኝ ስለሚችል በቁፋሮ ጊዜ የመቀላቀል ዕድል አለው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2024 እ.ኤ.አ. ታልክን ራሱን በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ተብለው በብርቱ ከሚጠረጠሩ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ምርቱ ጉዳት እንደሌለው ቢገልጽም፣ ታልክ ያለበትን የሕፃናት ፓውደር በ2020 በአሜሪካና በካናዳ፣ በ2023 ደግሞ በመላው ዓለም መሸጥ አቁሟል። በምትኩ የቀረበው የበቆሎ ስታርች ከታልክ ይሻላል፤ ሆኖም እርሱም ብናኝ በመሆኑ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ወላጆች የሚከተሉትን እንዲያደርጉ ይመከራል፦

• የሽንት ጨርቅን ቶሎ ቶሎ መቀየር፤
• ገላን በንጹሕ ለብ ያለ ውኃ አጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ማድረቅ፤
• ቆዳው አየር እንዲያገኝ ጥቂት ጊዜ ገልጦ መተው፤
• መቅላት ሲጀምር ቫዝሊን ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት መቀባት።

መቅላቱ በሁለትና ሦስት ቀን ካልጠፋ ወይም ከቆሰለ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ፓውደር በብዛት የሳበ ሕፃን ደግሞ ለጊዜው ደኅና ቢመስልም፣ የትንፋሽ ችግሩ ከሰዓታት በኋላ ሊከሠት ስለሚችል፣ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት አለበት። በቤት የሚገኝ ፓውደርም ልጆች በማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ።