ከመማሪያ ክፍል እስከ መድኃኒት ቤት መስኮት፦ የፋርማሲ ተማሪዎች ቅድመ ዝግጅት ምን ይጎድለዋል?

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ከደምበል ወደ ወሎ ሰፈር በሚወስደው የአፍሪካ ጎዳና፣ ኦሎምፒያ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ውስጥ ተቀጥሬ በሠራሁበት የመጀመሪያ ዓመት ያጋጠመኝ ጉዳይ ነው። አንድ አረጋዊ የሐኪም ማዘዣ ይዘው መጡ። የታዘዘላቸው ባለ 500 ሚሊ ግራም አሞክሲሲሊን ካፕሱል በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀናት የሚወሰድ፣ በድምሩ 21 ፍሬ ነበር። ካፕሱሎቹን ቆጥሬ ሰጠኋቸውና «አባቴ፣ በስምንት በስምንት ሰዓት አንድ አንድ ይውሰዱ» ብዬ ሸኘኋቸው። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፤ ሳሉ አልተዋቸውም። ከያዙት 21 ካፕሱል ውስጥ 14ቱ አልተነኩም። «ልጄ፣ እንዳልሽኝ ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን ነው የምውጠው፤ አንድም ቀን አላሳለፍኩም» አሉኝ።

አረጋዊው የሰሙትን በታማኝነት ፈጽመዋል። ለእሳቸው ስምንት ሰዓት ማለት ከቀትር በኋላ ያለው የታወቀ ሰዓት ነው። እኔ ግን ከእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ያገኘሁትን የጊዜ ልዩነት ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሼ ነበር የተናገርሁት። መድኃኒቱ ባክቴሪያን እንዴት እንደሚያጠቃና በሰውነት ውስጥ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ አሳምሬ አውቅ ነበር፤ ዕውቀቴ ግን መስኮቱን አልተሻገረም። ሕክምናው በአግባቡ ስላልተከናወነ ወደ ሐኪማቸው እንዲመለሱ አደረግሁ። ስህተቱ የእኔ ነበር።

ይህ አጭር ጽሑፍ ተማሪዎች ለፋርማሲና ለሌሎች የጤና ሙያዎች የሚዘጋጁበትን መንገድ ይቃኛል። በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የሚያስፈልጉ ሦስት ችሎታዎች እስከ መጨረሻው ዓመት ሳይቆዩ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሊገነቡ እንደሚገባም ያስረዳል። ጽሑፉ በዳሰሳ ጥናት ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ ከሥራ ልምድና በሰፊው ከሚታወቁ መረጃዎች በመነሣት ለውይይት የቀረበ ሐሳብ ነው።

ተማሪው የሚመጣበት መንገድ

በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የፋርማሲ ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ለረጅም ዘመን የትምህርቱ ትኩረት በመድኃኒት ቅመማ፣ በጥራትና በሥርጭት ላይ ነበር። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሥርዓተ ትምህርቱ ሕመምተኛውን ማዕከል ወደሚያደርግ አቅጣጫ ተሸጋገረ፤ ተማሪዎችም በመጨረሻው ዓመት በሆስፒታል ክፍሎች ውስጥ ከሐኪሞች ጋር እየተዘዋወሩ መለማመድ ጀመሩ።

ወደዚህ ትምህርት የሚያደርሰው መንገድም ተለውጧል። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ለዓመታት ከቀረ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ተመልሷል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ተከትሎ የማለፊያውን ነጥብ ላላገኙ፣ ግን ለተመረጡ ተማሪዎች የአቅም ማሻሻያ (ሪሚዲያል) ትምህርት ተጀመረ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በዚህ ፕሮግራም እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይማራሉ። ወደ ትምህርት ክፍል የሚደረገው ምደባ ደግሞ በተማሪው ምርጫ፣ በውጤቱና በክፍሉ የመቀበል አቅም ይወሰናል።

በሌላኛው ጫፍ ተመራቂውን ፈተናዎች ይጠብቁታል። የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ፈተና በ2011 ዓ.ም.፣ ሁሉንም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የሚመለከተው የመውጫ ፈተና ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ተጀምሯል። እነዚህ መለኪያዎች አስፈላጊ ናቸው። ሆኖም የጽሑፍ ፈተና ተማሪው ትክክለኛውን መልስ መለየቱን እንጂ ያንኑ መልስ ፊደል ላልቆጠረች እናት ማስረዳት መቻሉን አይለካም። የማይለካ ችሎታ ደግሞ በተማሪውም በመምህሩም ዘንድ ሁለተኛ ቦታ መያዙ አይቀርም።

ሦስቱ ችሎታዎች

የመጀመሪያው የመጠን ስሌት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሒሳብ በአንደኛ ደረጃ «ጥምርታና ወደር» ተብሎ የሚሰጠው ነው። 12 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ቢታዘዝላት በአንድ ጊዜ የሚያስፈልጋት 180 ሚሊ ግራም ነው። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ከያዘው ሽሮፕ 7.5 ሚሊ ሊትር ይሰጣታል። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም የያዘው ዓይነት ከሆነ ግን የሚበቃት 3.6 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የብርታቱን ልዩነት ያላስተዋለ ባለሙያ ከሁለተኛው ጠርሙስ 7.5 ሚሊ ሊትር እንዲሰጣት ቢናገር ሕፃኗ 375 ሚሊ ግራም ትወስዳለች፤ ይህም ከታዘዘላት ከእጥፍ በላይ ነው። መጠኑ እየተደጋገመ ሲሰጥ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ነገር ሰው ተሰልፎ በሚጠብቅበት ሰዓት አሃዱን ሳያምታቱ በፍጥነትና በትክክል መሥራት ነው። ይህ ደግሞ የሚገኘው በተደጋጋሚ ልምምድ ነው።

ሁለተኛው በቋንቋዎች መካከል መመላለስ ነው። ተማሪው በእንግሊዝኛ ይማራል፤ የሚያገለግለው ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ ነው። ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት መስኮት ፊት በአንድ ሰዓት ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛ፣ የቂርቆስ ነባር ነዋሪና ማዘዣ ይዛ የተላከች የቤት ሠራተኛ ሊቆሙ ይችላሉ። ለእያንዳንዳቸው የሚስማማው አነጋገር ይለያያል። «አንድ ማንኪያ» የሚለው ቃል እንኳ ለአንዷ የሻይ፣ ለሌላዋ የሾርባ ማንኪያ ነው። ለተላከችው ሠራተኛ የተነገረው ደግሞ ሌላ ሰው ጆሮ እስኪደርስ ድረስ ሊለወጥ ይችላል።

ሦስተኛው የሕመምተኛውን ጊዜና ልማድ መረዳት ነው። የሰዓት አቆጣጠሩን ልዩነት ከላይ አይተናል። ጾምም እንዲሁ ነው። «ጠዋት ከቁርስ በኋላ» የሚለው ምክር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን፣ ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ለሚጾም ሙስሊም ትርጉም የለውም። ግሊበንክላሚድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ውጦ ምግብ ቢያዘገይ የደሙ ስኳር እጅግ ሊወርድና ሊወድቅ ይችላል። ባለሙያው «ይጾማሉ?» ብሎ ካልጠየቀ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ከሐኪሙ ጋር ካልተነጋገረ፣ የሰጠው ምክር አልተሟላም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ከዘረዘራቸው ሰባት የፋርማሲ ባለሙያ ሚናዎች አንዱ ከሰው ጋር መግባባት ነው። በአሜሪካም የፋርማሲ ኮሌጆች በብዛት ቢያንስ የሁለት ዓመት ቅድመ ትምህርት ይጠይቃሉ፤ ብዙዎቹም ከኬሚስትሪና ከባዮሎጂ ጎን የስታቲስቲክስና የንግግር ኮርስ ያካትታሉ። ከዚህ የምንማረው ንግግር ከሙያው በኋላ የሚጨመር ጌጥ ሳይሆን የመግቢያው አካል መሆኑን ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

አዲስ ኮርስ መጨመር አያስፈልግም፤ ባሉት ኮርሶች ውስጥ ቦታ አለ። በሒሳብ ኮርስ የቱቶሪያል ክፍለ ጊዜ ከላይ እንደቀረበው ያሉ የመጠን ጥያቄዎች ሊካተቱ ይችላሉ። በእንግሊዝኛ የመግባባት ክህሎት ኮርስ ተማሪው የአንድን መድኃኒት መግለጫ በእንግሊዝኛ አንብቦ ይዘቱን ለክፍል ጓደኛው በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲያስረዳ ማድረግ ይቻላል። በሥነ ልቦና ኮርስ ደግሞ መልሶ የማስነገር ዘዴ ሊለማመዱ ይችላሉ፤ ይኸውም ሕመምተኛውን «ገባዎት?» ብሎ በአዎንታ ከመሸኘት ይልቅ «ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ይንገሩኝ» ብሎ መጠየቅ ነው። ከምደባ በፊት ተማሪዎች ለግማሽ ቀን በመድኃኒት ቤት ተገኝተው ሥራውን እንዲመለከቱ ቢደረግም ምርጫቸው በወሬ ላይ የተመሠረተ አይሆንም።

ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው የመጀመሪያ ዓመት ክፍሎች ብዙ ተማሪ የሚይዙ መሆናቸው ነው። መልሶ ማስነገር ግን ሁለት ሁለት ሆኖ የሚሠራ በመሆኑ ብዛቱ አያግደውም። ሁለተኛው የጋራ ኮርስ መምህራን የጤና ባለሙያ አለመሆናቸው ነው። ይህ ተገቢ ስጋት ነው፤ ስለዚህ ጥያቄዎቹንና መልሶቻቸውን አዘጋጅቶ ማቅረብ የፋርማሲ ትምህርት ክፍሎች ድርሻ ሊሆን ይገባል።

ማጠቃለያ

የአቅም ማሻሻያውም ሆነ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ተማሪው ለቀጣዩ ፈተና እንዲበቃ ይረዱታል። የጤና ሙያ ግን ከፈተናው በኋላ የሚመጣ ሌላ መለኪያ አለው፤ እሱም ሕመምተኛው ቤቱ ሲገባ የሚያደርገው ነገር ነው። ዝግጅቱ ከዚያ መለኪያ ተነሥቶ ወደ ኋላ ቢታቀድ ጥምርታው፣ ቋንቋውና ልማዱ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ቦታ ያገኛሉ።

ዛሬ ለተመሳሳይ ማዘዣ የምሰጠው ምክር «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት» የሚል ነው፤ በሦስቱም መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ስምንት ሰዓት ነው። አረጋዊው ከሦስቱ አንዱን በትክክል ጠብቀው ነበር። የቀሩትን ሁለቱን መንገር የእኔ ድርሻ ነበር።